ልባቸው የተለወጠው አቶ በየነ ገረሱ

ይህን ብርድ ሳትፈሩ ከድንኳናችን የተሰበሰባችሁ የኮልፌ ወገኖች ሆይ፥ የአቶ በየነ ገረሱን ዜና ሕይወት እናታቸው ወይዘሮ ጤናዬ ጽፈው እንደ ሰጡን እናነባለን።

አቶ በየነ ከአባታቸው ከአቶ ገረሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጤናዬ በ1934 ዓ.ም. ከፋ፥ ቦንጋ አጠገብ ተወለዱ። በአርባ ቀናቸው ክርስትና ተነሥተው፥ ገና በእግራቸው ሳይሄዱ ወላጆቻቸው ማርና ኮረሪማ ሊነግዱ አዲስ አበባ ሲገቡ አብረው መጥተው ኮልፌ አደጉ። ፊደል ከቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው፥ እስከ ስድስተኛ ክፍል ዘልቀው፥ አባታቸው ሲሞቱባቸው ልብስ ስፌት ገቡ። እጃቸው ቀና ስለ ነበረ የሠፈሩ ሙሽራም ኳስ ተጫዋችም የእርሳቸውን ስፌት ለበሰ። ወይዘሮ የሺእመቤትን በወግ አግብተው ልጃቸውን አልማዜን ወለዱ።

ቀልድ ግን አብሯቸው የተወለደ ነው። እናታቸው ጴንጤ ከሚባሉት ወገን ሆነው በቤታቸው ጸሎት ሲደረግ፥ ጌታን ያገኘ ሰው ከመካከል ተነሥቶ፥ ቀኝ እጁን አንሥቶ «ልቤ ተለወጠ» ብሎ ሲመሰክር አቶ በየነ ከመጋረጃ ወዲያ ያዩ ነበርና፥ ያንኑ ወስደው በሱቃቸው ደጅ መቀለጃ አደረጉት። አንድ ቀን እጃቸውን አንሥተው «ወገኖቼ፥ ልቤ ተለወጠ፤ ከዛሬ ጀምሮ የታች ሠፈር ደጋፊ ነኝ» ቢሉ፥ የላይ ሠፈሩ በረኛ ጓደኛቸው ዱባለ ያሰፋውን ማሊያ ነጥቋቸው ሄደ፤ በማግሥቱ «አንተ ደግሞ፥ እኔ መቼ ተለውጬ አውቃለሁ?» ብለው አሳቁት። ሰው ሲስቅላቸው ወደ መንግሥት ነገር ተሻገሩ። አንድ ሰሞን ልባቸው ለባላባት ተለውጦ «የገባር ያለህ» እያሉ ይኮፈሳሉ፤ ሌላ ሰሞን ለተማሪዎቹ ተለውጦ «መሬት ለአራሹ» ይላሉ። እናታቸው «በየነ ልጄ፥ ቀልዱ ያንተ ነው፤ ጆሮው ግን የማን እንደ ሆነ አታውቅም» ቢሏቸው፥ «እማዬ፥ ነገ እኮ እመልሰዋለሁ» ይሉ ነበር።

ባለፈው ሰኔ ልካቸውን ሳያስለኩ የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ሱቁን ለመዱ። ኮታቸው አዲስ ነው፥ የሚያሰፉትም የላቸው፤ ዝም ብለው ይሰማሉ። አንድ ቀን «በል ዛሬስ ለማን ተለወጥህ?» ብለው ጠየቋቸው፤ እርሳቸውም የለመዱትን እጅ አንሥተው «ለገበሬው» አሉ። ሰዎቹ አብረው ሳቁ፤ በዚያው እየሳቁ ይዘዋቸው ሄዱ። ክረምቱን የት እንዳሉ አልታወቀም፤ እናታቸው ስንቅ ይዘው ያንኳኩት በር ሁሉ «እዚህ የለም» አላቸው። ከመስቀል በኋላ ተለቀው ሲመለሱ ይስሉ ነበር፤ ቀልድም ከአፋቸው ጠፋ።

ሳሉ እየጠና ሄዶ፥ ባለፈው እሑድ መስኮት ተዘግቶ ሲጸለይ፥ አቶ በየነ ከአልጋቸው ቀና ብለው እጃቸውን አነሡና «ልቤ ተለወጠ» አሉ። ጉባኤው ቀልዳቸው የተመለሰ መስሎት ሳቃቸውን ጠበቀ። ሊጠይቃቸው የመጣው ዱባለ «ደግሞ ለየትኛው ቡድን?» አላቸው።

«ለጌታ ነው። ዱባለ፥ ይኼኛውን ነገ አልመልሰውም» አሉት። ሐሙስ ንጋት ላይ ዐረፉ።

አባታቸው የተቀበሩበት ደብር ቄስ ለጴንጤ የመቃብር ቦታ የለም ስላሉ፥ የአባታቸው ታላቅ ወንድም አቶ ነገሬ «ጤናዬ፥ ሲቀልድ ነው በይ፤ ሰው ሁሉ ያምንሻል፥ ልጅሽም ካባቱ አጠገብ ይተኛል» ብለው ለመኑ። ወይዘሮ ጤናዬ አሰቡበት፤ አባትየውም እዚያ ናቸው፥ ስፍራውም ቅርብ ነው። ነገር ግን ልጃቸው ስንት ዘመን ቀልደው አንዲት እውነት ቢናገሩ፥ እርሷን እናታቸው ካላመኗት ማን ያምናታል ብለው እምቢ አሉ። ስለዚህ ቀብሩ ከአስኮ ማዶ፥ ከምእመናን አንዱ በፈቀዱት የእርሻ ዳር ይሆናል። አስከሬኑን የሚከተል ሰው ሁሉ ስሙ እንደሚያዝ ትናንት ተነግሮናል፤ የፈራ ከዚህ ቢመለስ እናታቸው አይቀየሙም።

አቶ በየነ እናታቸውን ወይዘሮ ጤናዬን፥ ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺእመቤትን፥ ልጃቸውን አልማዜንና ቃሬዛውን ልሸከም ብሎ ከማለዳ ጀምሮ ደጅ የቆመውን ዱባለን ትተው ሄደዋል። ጌታ ሆይ፥ ሰው የተጠራጠረውን ምስክርነታቸውን አንተ ተቀበል፤ ነፍሳቸውንም ማንም መጥቶ በማይወስዳቸው ስፍራ አሳርፍ። አሜን።