ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት አግዳሚ

ሰው በሰው ልጅ ሊስቅ ሲል ሳቁ ገዛ ደጁ ላይ የሚያርፍበት ቀን አለ። ለአባ ውቤ ያ ቀን ማክሰኞ ነበር። በዕብራይስጥ ኩፓት ሆሊም ከሚሉት ክሊኒክ መድኃኒታቸውን ተቀብለው፣ በቂርያት ጋት ከተማ አሮጌ ሕንፃዎች ሥር ጥላ ጥላውን እየመረጡ ሲመጡ፣ አንዲት ልጅ ከቁመቷ የሚበልጥ ሳንቃ ተሸክማ ከአውቶቡስ ስትወርድ አዩ። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ይህ አውቶቡስ ነው ወይስ የጭነት መኪና?» እያለ ይጮሃል፤ ልጅቱ እየሳቀች ታመሰግነዋለች።

አባ ውቤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የማን ልጅ ትሆን? ምነው ገሳጭ አጣች!» አሉ ለራሳቸው።

ልጅቱ ዞር አለች። ሆዳያ ናት፤ የገዛ ልጃቸው ልጅ።

«አባባ! እንዴት ዋሉ? እግዜር ነው ያመጣዎ፤ እስቲ ጫፉን ይያዙልኝ!»

ሽማግሌው ሳያስቡት ያዙ። የረዷት ደግነት አነሳስቷቸው ብቻ አይደለም፤ ሳንቃው ቶሎ ከሰው ዓይን እንዲሰወር ነው። በዚያች ሳምንት ዓርብ ረፋድ ላይ የሊኦር ሽማግሌዎች ሆዳያን ለትዳር ለመጠየቅ ይመጣሉና። ሊኦር የካርሜ ጋት ሰፈር ልጅ ነው፤ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ከሆዳያ ጋር አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። የሆዳያ አባት ካረፈ ወዲህ የቤቱ ራስ አባ ውቤ በመሆናቸው፣ ለሽማግሌዎቹ መልስ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው።

ከሕንፃው ሥር ካለችው ማህሳን፣ ዕቃ ከሚከማችባት ጠባብ ክፍል፣ ሲገቡ አባ ውቤ ክው አሉ። ግድግዳው ላይ መጋዝ፣ መሮና መሰርሰሪያ ተሰቅሏል። መሬቱን የእንጨት ብናኝ አልብሶታል። በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

«ልጄ፣ ዓርብ ማን እንደሚመጣ ረስተሻል?»

«እንዴት እረሳለሁ አባባ? ይህ እኮ ለእነሱ ነው! እኛ ቤት ያሉት የፕላስቲክ ወንበሮች እግራቸው የከዳ ነው። የሚቀመጡበትን አግዳሚ በእጄ ልሠራላቸው ነው።»

«ሽማግሌ ‹እሺ› ሳይባል መቼ ይቀመጣል? ቆሞ ነው የሚናገረው!»

«እሺ ሲባልስ? መሬት ላይ ይቀመጥ?»

አባ ውቤ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። ግን ሆዳቸው ውስጥ የቆየ ነገር ነበረና ሳቁን ዋጡት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«የእኛን ነገር አታውቂም። አባቴ ምትኩ ጎንደር እያለ ማረሻ ቀጥቃጭ ነበር። ቀን ማረሻውን ያሠራው ገበሬ፣ ማታ ልጁ ሲታመም ‹ቡዳው በላብኝ› ይላል። በመጨረሻ አባቴ መዶሻውን ጓሮ ቀበረና ማንም ወደማያውቀን አገር ይዞን ሄደ። ስማችንም እምነታችንም እንደ ጎረቤቱ ሆነ። ‹ገበሬ ነን› እያልን ኖርን። ዓርብ ዘመድ መሆን አለመሆናችሁ እንዲታወቅ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እኔ ገበሬ ብዬ ስቆጥር አንቺ መጋዝ ይዘሽ ብትታዪ ‹ባለእጅ ናቸው፤ ዘሯ ነው› ብለው ቢመለሱስ?»

እነሆ ፍርሃት! ቤትና ከብት ጥለው የመጡ ሰዎች እሱን ግን ሳይጥሉ ተሸክመውት ይመጣሉ።

ሆዳያ ሳንቃውን አስደግፋ አጠገባቸው ቆመች። «አባባ፣ በኤሜት፣ በእውነት፣ ከማን ነው የምንደበቀው? የሊኦር ቤተሰቦችስ ከዚያው ከጎንደር አይደሉም? ያ የሰደበን ሰው እዚህ የለም፤ ስድቡን ይዘን የመጣነው እኛ ነን። ደግሞስ ማረሻ የሌለው ገበሬ በምን ሊያርስ ነበር? በጥርሱ?»

«አፍሽ አይቻልም!» አሉ። ከዚያ መንገድ ቀየሩ። «እሺ፣ የዘሩን ነገር ተይው። ይህ ሁሉ ብረት ግን ምን ይሁን ብለሽ ነው? አግዳሚ እንደሆነ ከሱቅ ይገዛል።»

ልጅቱ የጠበቀችው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ፊቷ በራ።

«የሱቁ አግዳሚ የተጨመቀ ብናኝ ነው፤ አንዴ ቤት ሲቀይሩ ይበታተናል። ብረቱም ቢሆን ሥራው የጠየቀኝን ብቻ እንጂ ያማረኝን አልገዛሁም። ጀማሪ የሚሳሳተው የት መሰለዎ? መቶ ዕቃ የታጨቀበትን ትልቅ ሣጥን ርካሽ ነው ብሎ ይሸከማል። አብዛኛውን አይነካውም፤ የሚነካው ደግሞ በሳምንቱ ይጣመማል። እኔ መጀመሪያ ሜትርና የማዕዘን መለኪያ እስኳድራ ገዛሁ፤ ልኩ ከተሳሳተ ውድ መጋዝ አያድነውም። ከዚያ አንድ ጥሩ የእጅ መጋዝ፤ ከዚያ እንጨት ቆንጥጦ የሚይዝ ሞርሳ፤ ከዚያ በባትሪ የሚሠራ መሰርሰሪያ። ነገ ሌላ መሣሪያ ብጨምር ይኸው ባትሪ እንዲያገለግለኝ አስቤ ነው የመረጥኩት።»

«ያ ሲጮህ የሚውለው የኤሌክትሪክ መጋዝስ?»

«በዓመት ሁለቴ ለማይፈለግ ነገር? እዋሰዋለሁ። መላጊያውን ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ ዝገቱን አስለቅቄ ስለቱን ሳልኩት። የአግዳሚው እግር ፋብሪካው ዕቃ ደርድሮበት ከሚጥለው የእንጨት ርብራብ፣ ከሚሽታህ፣ የወጣ ነው፤ አስፈቅጄ ነው የወሰድኩት። ማህተሙን አይቼ በሙቀት የታከመውን ብቻ እመርጣለሁ፤ መድኃኒት የነካውን ቤት አላስገባም። የተገዛው ይህ የመቀመጫው ሳንቃ ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ሳይታወቃቸው መላጊያውን አነሱ። ልጅነታቸው ትዝ አላቸው፤ የአባታቸውን ወናፍ ሲነፉ ፍሙ ደም መስሎ ሲቀላ።

«እስቲ ልሞክረው።»

«መጀመሪያ ይህን!» አለችና የዓይን መከላከያ መነጽር አደረገችላቸው። «ያለዚህ ማንም እዚህ እንጨት አይነካም።»

አባ ውቤ ሳንቃው ላይ ጎንበስ ብለው ገፉ። መጀመሪያ መላጊያው ነከሰ፤ ሆዳያ አያያዙን አስተካከለችላቸው። እንደገና ሲገፉ ቀጭን ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ እግራቸው ሥር ወደቀ፤ የእንጨቱ ሽታ ክፍሏን ሞላ። ደስታው በአንዴ ወረራቸው። «እይው! እይው!» አሉ እንደ ልጅ። ሽማግሌ መሆናቸውን ረሱ፤ መድኃኒታቸውንም እዚያው ረስተው ወጡ። በነጋታውም ሳይጠሩ ወረዱ፤ በየቀዳዳው ኮላ ሲቀባና የአግዳሚው እግር ሲታሰር የሞርሳውን ጫፍ ያጠበቁት እሳቸው ነበሩ።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ግን ያ የቆየ ፍርሃታቸው ተመለሰ። «ልጄ፣ ማን ሠራው ቢሉ ከሱቅ ነው እንላለን።»

«እርስዎ የፈለጉትን ይበሉ። እኔ ግን ከተጠየቅሁ አልዋሽም። ደብቄው የማገባ ከሆነ፣ ዕድሜ ልኬን ስደብቀው ልኖር ነው።»

ዓርብ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። መሪያቸው የሊኦር አጎት አቶ ፈረደ ነበሩ። የሆዳያ እናት ታይቱ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ስትል፣ «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው አዲሱ አግዳሚ ፊት ቆሙ። ጥያቄያቸውን አቀረቡ። ቀጥሎ ቆጠራው መጣ፤ አቶ ፈረደ ቀድመው የሊኦርን ወገን ሰባት ቤት ቆጠሩ። ሁሉም ገበሬ፣ ሁሉም ባለርስት ነበር።

ተራው የአባ ውቤ ሆነ። ሆዳያ ከወጥ ቤቱ በር ሆና ታያቸዋለች። ወደ አግዳሚው ተመለከቱ፤ ራሳቸው የላጉት ጠርዝ ከመስኮቱ ብርሃን ያበራል።

«አባቴ ምትኩ ነው» አሉ። «ማረሻ ቀጥቃጭ ነበር። የእሱም አባት ቀጥቃጭ ነበር። እኛ ባለእጆች ነን። ይህን አግዳሚ የሠራችው ሆዳያ ናት፤ እኔም ልጌዋለሁ!» ብለው የቀሩትን ቤቶች ቆጠሩ። ዘመድ አልተገኘም።

ታይቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አቶ ፈረደ ጎንበስ ብለው የአግዳሚውን ጠርዝ በመዳፋቸው ዳበሱ፤ ዳበሱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አባ ውቤ፣ ይፈቀድልኝና ከሦስተኛው ቤት ላይ ልመለስ። እዚያ ላይ ገበሬ ያልኩት … ሞፈር ጨብጦ አያውቅም። ወናፍ ሲነፋ ነው የኖረ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ታይቱ ናት። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ አቶ ፈረደ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለእንዲህ ያለው ቤት ነው።

«ልጃችንን ሰጥተናል!» አሉ አባ ውቤ። «አሁን ቁጭ በሉ!»

ሦስቱም ባንድነት ተቀመጡ። አግዳሚው ሲጢጥ አላለም። አቶ ፈረደ ጎንበስ ብለው ሥሩን ሲመረምሩ ቆዩና፣ «እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ነው የማየው» አሉ በቀስታ። «ለመጀመር ምን ምን ይገዛል?»

አባ ውቤ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ እንደኖሩ ሁሉ ወንበራቸውን አስጠጉ።

«በመቶ ዕቃ ሣጥን እንዳይታለሉ! መጀመሪያ ሜትርና እስኳድራ። ከዚያ የእጅ መጋዝ፤ ከዚያ ሞርሳ። የማይደጋገመውን ይዋሱ። መነጽሩን አይርሱ። ኪስ አይጎዳም፤ ቤትዎ ጠንካራ ዕቃ ያገኛል፤ የልጅ ልጅ አጠገብዎ ይውላል፤ እንቅልፍዎም ይጣፍጣል፤ እኔ ከማክሰኞ ወዲህ እንደ ሕፃን ነው የምተኛው።»

«መዶሻስ?»

አባ ውቤ ወደ ሆዳያ ቀና አሉ።

«መዶሻውን እኔ እሰጥዎታለሁ። ብቻ እንዳይቀብሩት።»