ባለ ሳሎኑ ትሬለር

ካሊፎርኒያ ውስጥ ከዳብሊን ወደ ኦክላንድ በሚሄደው ባቡር ከፊቴ የተቀመጡ ባልና ሚስት የሁለት ቤቶች ንድፍ፣ ፍሎር ፕላን፣ ዘርግተው ይጨቃጨቃሉ። ሬንት ስለጨመረባቸው አፓርትመንቱን ለቀው በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ትሬለር ውስጥ ሊኖሩ ነው።

«ይሄኛው ይሻላል» አለ ባል። «ሳሎኑ ሰፊ ነው።»

«ልጆቹስ የት ይተኛሉ?»

«ሶፋው ይዘረጋል።»

«ያኛው እኮ ለሁለቱም የየራሳቸው አልጋ አለው። በር ሳይቀር!»

«ሳሎን የለውማ! እንግዳ ቢመጣ የት ልናስቀምጠው ነው?»

«የምን እንግዳ?»

«ሰው ነዋ! ዘመድ!»

«አፓርትመንቱ ውስጥ ስድስት ዓመት ስንኖር ማን መጣ?»

«ወንድሜ መጥቷል።»

«ኤርፖርት አድርሱኝ ሊል! መቼ ቁጭ አለ?»

«ቢሆንም፣ ሳሎን የሌለው ቤት ቤት አይባልም።»

«ጎማ ያለው ቤትስ ቤት ይባላል?»

«አሁን ማሾፉን ተይው።»

«እሺ፣ እንግዳው መጣ እንበል። አንተ ‹ኖር!› ብለህ ከሶፋው ብድግ ስትል ከላይ ያለው ካቢኔት አናትህን ይልሃል።»

«ጎንበስ ብዬ እነሳለሁ።»

«ልጆቹስ? ነገ ትምህርት አለባቸው፤ እንግዳው ደግሞ አልጋቸው ላይ ተቀምጦ ይጫወታል።»

«እስኪሄድ ይጠብቃሉ እንጂ! እኛስ ያደግነው እንደዚያ አይደል?»

«ለዚህ እኮ ነው እስካሁን ላልመጣ እንግዳ የምትነሳው።»

እኔ ቤት ያለው፣ ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ ያልተነሳለት ሶፋ ትዝ አለኝ።