«እንደተለመደው ታጠበ»

የምስክር ቃል መቀበያ
የጉዳዩ ዓይነት፦ ከቤተ ሙከራ ጠፋ የተባለ የምርምር መዝገብ
የምስክሯ ስም፦ በዋናው ዶሴ ሰፍሯል፤ በመሥሪያ ቤቷ «እትዬ ብልቃጥ» ትባላለች
ዕድሜ፦ 59
ሥራ፦ የቤተ ሙከራ ዕቃ አጣቢና ቁልፍ ያዥ፣ 22 ዓመት ያገለገለች
አድራሻ፦ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ ቀን 19፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20

ማንም ሳይጠራኝ፣ መጥሪያም ሳይደርሰኝ፣ በገዛ እግሬ ወደዚህ ጣቢያ መጥቻለሁ። የምናገረው ነገር በራሴ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል መርማሪው አስረድቶኛል፤ ገብቶኛል። የመጣሁት ልጅቷ ባላጠፋችው ጥፋት እንዳትጠየቅ ነው። ልጅቷ የምላት በሁለተኛ ዲግሪ በሥራ ፈጠራ ትምህርት ክፍል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሆነችውን፣ ቁጥር 3 የተባለውን የምርምር መዝገብ ሰርቃለች ተብላ የተጠረጠረችውን ነው። መዝገቡን የወሰድኩት እኔ ነኝ። አሁን በመርማሪው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አንድም ገጽ አልጎደለም።

ሥራዬ ብርጭቆ፣ ብልቃጥና ሳህን ማጠብ፣ ለሙከራው የሚሆነውን ውሃ ማዘጋጀት፣ መዝገቦቹ የሚቆለፉበትን የቁም ሳጥን ቁልፍም መያዝ ነው። ሁለተኛው ቁልፍ በዶክተሩ እጅ ነው። ዶክተሩ የምለው የልጅቷ አማካሪ መምህር ነው። ብልቃጥ ብለው ስም ያወጡልኝ ተማሪዎች ናቸው። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን በእውነተኛ ስሜ ቢጠሩኝ ሌላ ሰው የሚጠሩ መስሎኝ አልፋለሁ።

መርማሪው ስለ ትምህርቱ ስለጠየቀኝ የማውቀውን ላስረዳ። ድሮ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው ጥናቱን ጽፎ፣ አስጠርዞ፣ መደርደሪያ ላይ ትቶት ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ አቧራውን የማራግፈው እኔ ነኝ። ይህ አዲሱ ክፍል ግን እንዲያ አይደለም። ተማሪው በቤተ ሙከራ የተገኘውን ዕውቀት ይዞ ወጥቶ ድርጅት ካላቆመበት አይመረቅም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም «መሥራችና ሥራ አስኪያጅ» የሚል ካርድ ያሳትማሉ። እኔም ልጅቷን ሥራ አስኪያጅ ነው የምላት። «ሥራ አስኪያጅ፣ ዛሬ ስንት ሠራተኛ ቀጠርሽ?» ስላት፣ «አንድ አለችኝ፣ እሷም እኔው ነኝ፤ ሰነፍ ናት፣ ላባርራት እያሰብኩ ነው» ትለኛለች። ጨዋታ አዋቂ ናት።

ድርጅቷ የሚሠራው ለባቄላ ዘር የሚቀባ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች አሉ፤ ከዘሩ ጋር አፈር ሲገቡ ሥሩ ላይ ተጣብቀው ተክሉን ይመግቡታል፣ ገበሬውም ማዳበሪያ ይቀንሳል። ዶክተሩ ዘጠኝ ዓመት ለፍቶበታል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። አሠራሩ በሙሉ የተጻፈው በቁጥር 3 መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡ በቀለም ብቻ ይጻፋል፣ ገጽ አይቀደድለትም፣ ከክፍሉም አይወጣም። ደንቡን አላውቅም ነበር ብዬ አላመካኝም፤ በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ።

ከሦስት ወር በፊት ልጅቷ ከአንድ አናጢ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ዱቄቱን እዚያ መሥራት ጀመረች። ሞተባት። ደገመች፣ ሞተ። ሠለሰች፣ ያው ነው። ወደ እኛ ቤተ ሙከራ ተመልሳ በዚያው እጇ፣ በዚያው ዘዴ ስትሠራው ግን ይኖራል። ሰኞ ቀን 23 ገምጋሚዎች ወደ ክፍሏ ሄደው፣ ዱቄቱን በራሷ ቦታ ተሠርቶ ሕያው ሆኖ ማየት አለባቸው። ካላዩ ሁለት ዓመቷን ውሃ በላው ማለት ነው። ልጅቷ ከሳች፣ ጨዋታዋም ጠፋ። አንድ ቀን ከማጠቢያው አጠገብ ቁጭ ብላ «እትዬ፣ እናንተ ቤት እየኖረ እኔ ቤት የሚሞት ነገር ማን ይገዛኛል?» አለችኝ። ዕቃ አጣቢ ምን ያውቃል ብዬ ወደ ብልቃጦቼ ዞርኩ።

ዓርብ ቀን 13 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገብቼ ሥራዬን (እዚህ ላይ አንድ ቃል ተሰርዟል፤ በመጨረሻ ያለው እርማት ይታይ) ሠራሁ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ልጅቷ ሚዛን ከቁም ሳጥኑ ለማውጣት ቁልፌን ወሰደች፤ አሥር ደቂቃም ሳትቆይ መለሰችልኝ። ከዚያ ዶክተሩ ገባ። ልጅቷ መዝገቡን ገልብጣ ቅጂውን ወደ ክፍሏ ልትወስድ ጠየቀችው። «ዩኒቨርሲቲውና አንቺ የባለቤትነቱን ውል ሳትፈራረሙ ቅጂ አይወጣም» አላት። «ያልተጻፈ ነገር አለ፣ ዶክተር» አለችው። እሱም ድምፁን ሳያነሳ «ዕውቀት ማለት የተጻፈው ነው። ማንበብ የሚችል ሁሉ ሊሠራው ይችላል። ካልሠራልሽ ጉድለቱ እጅሽ ላይ ነው» ብሎ ወጣ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ብልቃጥ እያለቀለቅኩ ነበር።

«ማንበብ የሚችል ሁሉ» ያለው ነገር ውስጤ ገብቶ አልወጣ አለኝ። እኔም እኮ ማንበብ እችላለሁ። መዝገቦቹን ሃያ ሁለት ዓመት ቆልፌ ስጠብቅ አንድም ቀን ገልጬ አላየሁም፣ እስቲ እይው ያለኝም የለም። በ11 ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ መዝገቡን ቦርሳዬ ውስጥ ከጃንጥላዬ ሥር ከተትኩት። ሐሳቤ ሰኞ ማለዳ ማንም ሳይገባ ልመልሰው ነበር። ምን ቆርጦኝ እንዲህ እንደደፈርኩ አሁንም ይገርመኛል። ወስጄ የፈለግሁት ምን እንደሆነ መርማሪው ጠይቆኛል። የፈለግሁት ራሴን ነው። የት ቦታ ላይ እንዳለሁ ማየት ፈልጌ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መነጽሬን አድርጌ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ባለቤቴ አጠገቤ ሆኖ ገጽ ይገልጥልኝ ነበር። ሙቀቱ፣ ሰዓቱ፣ ልኩ፣ ሁሉም እስከ ነጥቡ ተጽፏል። በየሙከራው መጀመሪያ ላይ ግን አንድ ዓይነት መስመር አለ፦ «ዕቃው እንደተለመደው ታጠበ፤ ውሃው እንደተለመደው ተዘጋጀ።» አንዳንዱ በዶክተሩ እጅ፣ አንዳንዱ በልጅቷ እጅ ነው የተጻፈው። ባለቤቴ በጣቱ እየቆጠረ አርባ አንድ ቦታ አገኘ። «አይ አንቺ አመድ አፋሽ! ለሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ቃል? የእኔ አውቶቡስ እንኳ ታርጋ ነበራት!» አለ። ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ። አዎ፣ ከፋኝ፤ እንደከፋኝ ይጻፍልኝ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ ልጥድ ብዬ ቧንቧ ስከፍት ውሃው ውስጥ የሚጨመረው መድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። በቤተ ሙከራው ውሃ የሚያጣራው ማሽን ከተበላሸ ስድስት ዓመቱ ነው። ለንብረት ክፍል ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውኛል። ዶክተሩ እስከ ዛሬ ውሃው ከማሽኑ የሚመጣ ይመስለዋል። አቧራ እንዳይገባው ጨርቅ አልብሼዋለሁ፤ ጨርቁን አንስቶ ያየ ግን የለም። እኔ ማታ ልወጣ ስል በሰፋፊ ባልዲ ቀድቼ፣ ሳልከድን አሳድረዋለሁ። ሲያድር ሽታው ይጠፋል። ይህን ያሳየችኝ ማሽኑ ሳይገዛ በፊት የነበረችው የመጀመሪያዋ አለቃዬ ናት፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ሽታውን ስለምጠላው ደስ እያለኝ ነው የማደርገው። መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ጀርም ለመግደል እንደሆነ ግን ማንም ያውቃል። ልጅቷ ደግሞ የምታሳድገው ያንኑ ዓይነት ነገር ነው። በክፍሏ ውስጥ በቀጥታ ከቧንቧ እየቀዳች ሦስት ወር ሙሉ በገዛ እጇ ስትገድለው ኖራለች። «እንደተለመደው» ሲል መዝገቡ ነግሯታል፤ ለእሷ የተለመደው ቧንቧ መክፈት ነው።

ሰኞ ቀን 16 መዝገቡን ይዤ 2 ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። ዶክተሩ ቀድሞኛል። እንግዳ ይዞ መጥቶ፣ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ መዝገቡን አጥቶታል። ቁልፉ አልተሰበረም። ዓርብ ዕለት ቅጂ የጠየቀችና የተከለከለች፣ ቁልፍም ይዛ የነበረች እሷ ናት ተባለ። ጥበቃ ተጠራ፣ ፖሊስ መጣ። እኔ ቦርሳዬን ብብቴ ሥር ወትፌ ቆሜያለሁ። መዝገብ ከክፍሉ ያወጣ ሠራተኛ ይባረራል፤ ጡረታዬ ሊደርስ የቀረው ሰባት ወር ነው። «አንቺስ አይተሻል?» ስባል ዓይኔን በጨው ታጥቤ «አላየሁም» አልኩ። ልጅቷ «ቁልፉን እኔ ነኝ የወሰድኩት፣ እትዬን አትንኳት» አለች። እሷ ለእኔ ስትሟገት እኔ ጃንጥላዬን እያየሁ ነበር። ሕሊናዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላስተኛኝም።

ረቡዕ ቀን 18 ጠዋት ልጅቷ ጉዳዩ እስኪጣራ ከትምህርቷ መታገዷን የሚገልጽ ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። የታገደ ተማሪ ሰኞ ገምጋሚ ፊት አይቀርብም። በ9 ሰዓት ተነስቼ ወደ አናጢው ቤት ሄድኩ። መጋዙ እየጮኸ መሰማማት አልቻልንም። ክፍሏ ንጹህ ናት፤ ብልቃጦቿ ተደርድረዋል፣ እሷ መሬት ላይ ተቀምጣለች። «ባልዲ አለሽ?» አልኳት። ሰጠችኝ። ቀድቼ ጥግ ላይ አስቀመጥኩና «ነገ ጠዋት በዚህ ሥሪ» አልኳት። «ምን አለው?» አለችኝ። «እንደተለመደው ነው» አልኳት፤ ከዚያም ቁጭ ብዬ ሁሉንም፣ የቦርሳውን ጉድ ጨምሬ ነገርኳት።

ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝም ይገባኝ ነበር። «ሰኞ ዕለት አጠገቤ ቆመሽ፣ እትዬ?» ብቻ አለች። ከስድብ የባሰ ነበር። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። ከዚያ እስክሪብቶ አነሳች። «ስንት ሰዓት ነው የሚያድረው? ከላይ ነው ከታች የምትቀጂው? ስንት ጊዜ ታለቀልቂያለሽ?» እያለች ጠየቀችኝ፤ እየመለስኩላት ጻፈች። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነው። መጨረሻ ላይ «ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ፣ ዘዴው የማን እንደሆነ መጻፍ አለበት» አለች። ስሜን አታውቀውም ነበር። እኔም የእሷን ሳላውቅ ነው ሁለት ዓመት ሥራ አስኪያጅ ስላት የኖርኩት። ተነጋገርን፣ ተዋወቅን።

ወደ ቤት ተመልሼ ለባለቤቴ ዛሬ ወደዚህ እንደምመጣ ስነግረው «ጡረታሽስ?» አለኝ። «ታርጋ ላወጣ ነው» አልኩት። አሁን ጃንጥላዬን ይዞ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

ዱቄቱ ይኑር ይሙት አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ባደረው ውሃ ሠርታዋለች፤ እሑድ ይታያል። ተሳስቼም ይሆናል። ልጅቷ መዝገቡን እንዳልወሰደች ግን አልተሳሳትኩም። ጣቢያው ለትምህርት ክፍሉ ዛሬውኑ እንዲጽፍልኝ እጠይቃለሁ፤ ሰኞ ሩቅ አይደለም።

ከላይ ያለው ቃል ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። የጨመርኩበት የለም። ሦስት ቀን የደበቅኩት ነገር ነበረኝ፣ እሱንም አስመዝግቤያለሁ። ሲነበብልኝ ግን መርማሪው ዓርብ ጠዋት ስለሠራሁት ሥራ ከጻፈው ውስጥ አንድ ቃል እንዲሰርዝልኝ ጠየቅኩት። «እማማ፣ እኛም ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጽፈው» አለኝ። «ጥፋቱም እሱ ነው፣ ልጄ» አልኩት። ሰረዘው።

እርማት፦ ዓርብ ቀን 13ን በሚመለከተው አንቀጽ «እንደተለመደው» የሚለው ቃል በምስክሯ ጥያቄ ተሰርዞ በምትኩ የሚከተለው ተጽፏል፦ «ከዋዜማው በ11 ሰዓት በሁለት ሰፋፊ ባልዲ ቀድቼ፣ ሳልከድን በስስ ጨርቅ ብቻ ሸፍኜ ያሳደርኩትን ውሃ ታቹን ሳልነካ ከላይ ከላዩ እየቀዳሁ፣ እያንዳንዱን ብልቃጥ በሳሙና ካጠብኩ በኋላ ሰባት ጊዜ እያለቀለቅኩ፣ በንጹህ ጨርቅ ላይ ደፍቼ እያደረቅኩ»።

የመርማሪው ፊርማ፦ ተፈርሟል
የምስክሯ ፊርማ፦ ሙሉ ስሟን በራሷ እጅ ጽፋ ፈርማለች