ለተዝካር የወጣው ዘር

በ2003 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ፣ ጥሊሊ ከተማ አንድ ወፍጮ ቤት ጤፌን ይዤ ተራ ስጠብቅ መብራት ጠፋ። መምህር ነኝ፤ ዕለቱ ቅዳሜ ስለነበር የሚያስቸኩለኝ ነገር አልነበረም። አጠገቤ ጥቁር የለበሱ አንዲት እናት በስንዴ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ሌላው ጆንያቸው ተፈጭቶ ዱቄቱ ከጎናቸው ተደግፏል።

“ነፍስ ይማር፣ እናቴ። ማን ሞቶብዎት ነው?” አልኋቸው።

“ባለቤቴ ደጉ። የፊታችን ሐሙስ አርባው ነው። ይህም የተዝካሩ ስንዴ ነው” አሉኝ። ስማቸው ወይዘሮ ወርቅአየሁ መሆኑን ነገሩኝ።

ገና እየተጨዋወትን ሳለ አንድ ወጣት መብራቱ መቼ እንደሚመጣ ለመጠየቅ ገባ። ይሄነው ይባላል፤ የእሳቸው ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነው። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው፤ አልመለሱለትም። ከጆንያው አፍ የፈሰሰውን ስንዴ በእፍኙ ዘገነና ደርቆ ቀረ። ነጭ፣ ቀይ፣ ወይን ጠጅ ፍሬ ተደባልቆበታል።

“እማማ፣ ይህን ከየት አገኙት?”

“ከጓሮዬ። አንተ ጣሉት ካልኸው ዘር።” ወደ እኔ ዞሩ። “መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱን። ባለፈው ክረምት ይህ ልጅ ደጃችን መጥቶ፣ ‘ስንዴያችሁ ድብልቅ ነው፤ አንዱ አጭር አንዱ ረጅም። ተዉትና ምርጥ ዘር ዝሩ’ አለን። ደጉ አመነው፤ እኔ በአሮጌው ዘር ከዘራሁት ከጓሮው በቀር መሬታችንን ሁሉ እሱኑ ዘራበት። በጥቅምት ቢጫ ዋግ ወረደ። ቅጠሉን ስንነካው እጃችን እንደ እርድ ይቀልም ነበር። በሁለት ሳምንት ማሳው አለቀ። ደጉ ከዚያ ወዲህ ማሳው ዳር ተቀምጦ ነበር የሚውል። ብርዱ ሳንባውን መታው፤ በታኅሣሥ ቀበርሁት።”

ወጣቱ ራሱን ይከላከላል ብዬ ጠብቄ ነበር።

“እውነታቸውን ነው፤ ያልሁት እኔ ነኝ” አለ። “ምርጡ ዘር በደግ ዓመት ብዙ ያፈራል፤ ይህን አልክድም። ጥፋቴ መሬቱን በሙሉ አንድ ዓይነት ዘር ማስዘራቴ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ አንዱን ያሸነፈ በሽታ ሁሉንም አሸነፈ። የጓሮዎ ስንዴስ?”

“ከፊሉ ጠወለገ፤ ከፊሉ አፈራ።”

“ለምን ይመስልዎታል?”

“እግዚአብሔር ለተዝካሩ ሲያስቀርለት ነዋ!”

“ይሁን፣ እማማ። ያስቀረበት መንገድ ግን ድብልቅነቱ ነው። ቀዩን ዋግ ሲይዘው ነጩ ይቋቋማል፤ ውርጭ ነጩን ሲጎዳው ሌላው ይተርፋል። እኔ ጉድለት ያልሁት ነገር ጥንካሬው ኖሯል። ካለፈው ወር ጀምሮ ሦስት ቀበሌ ዞርሁ፤ ይህን ዘር ያስቀረ አንድ ቤት አላገኘሁም። ሰው ሁሉ ቃሌን ሰምቷል። ይህ ከተፈጨ አለቀ።”

“ታዲያ ባሌን ላዋርደው? በገዛ እህሉ ሳይዘከር? ሰው ምን ይለኛል?”

እዚህ ላይ እኔም ገባሁበት። “እናቴ፣ ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቅዎ ጸሎቱንና ምጽዋቱን ነው፤ ድግሱን ያሰፋነው እኛ ነን። የተፈጨው ጆንያ ለካህናቱና ለነዳያኑ ይበቃል።”

“እርስዎ ባል አልቀበሩም” አሉኝ። አፈርሁ። ከመጽሐፍ የለቀምሁት ምክር በእሳቸው ፊት ቀለለብኝ።

ከዚያ ይሄነውን ቀና ብለው አዩት። “እንደገና ብትሳሳትስ?”

“ልሳሳት እችላለሁ። ስለዚህ ነው ሁሉንም በእኔ ቃል ላይ አይጣሉ የምልዎ። ግማሹን ምርጥ ዘር፣ ግማሹን ይህን ይዝሩ። ያን ጊዜ እኔ ብሳሳት እንኳ ቤትዎ አይራብም።”

መብራቱ መጣ፤ ወፍጮው ጮኸ። ሠራተኛው “የማን ተራ ነው?” አለ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ተነሡ፤ እጃቸውን ጆንያው ላይ አድርገው ለብቻቸው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ከዚያ “የሌላ ሰው ፍጭ” አሉት።

ተዝካሩ በአንዱ ጆንያ ተደገሰ። የሟች ወንድም በዛብህ “ለወንድሜ እህል ነፈገችው” ብሎ ሳይቀምስ ወጣ፤ ዳግመኛም ደጃቸውን አልረገጠም። እሳቸው ግን በሐምሌ ዘሩን ዘሩት። በዓመቱ ሰባት ጎረቤቶች አንዳንድ ቁና ተበደሩ፤ ሲያመርቱ መልሰው ለሌላ ሰው ሊያበድሩ ተስማሙ። ይሄነውም ጥቂቱን አዲስ አበባ ወዳለው የዘር ማስቀመጫ ላከ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዋጉ ሲመለስ፣ ሁለቱንም የዘሩ ቤቶች ከነጉዳታቸው እህል አገቡ፤ አንድ ዓይነት ብቻ የዘሩት እንደገና ለእርዳታ ስንዴ ተሰለፉ። ዘርን አብዝቶና አሰባጥሮ መያዝ የሚሰጠው ጥቅም ይህ ነው፦ ክፉ ዓመት ሲመጣ አንዱ ቢሞት ሌላው ቤት ያቆያል።

በዚያው ዓመት በአዝመራ ወቅት ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ወይዘሮ ወርቅአየሁን ስንዴ በሰፌድ ዘርግተው ፍሬ በፍሬ ሲያገላብጡ አገኘኋቸው። ይሄነውም አጠገባቸው ነበር።

“ምን ጠፋብዎ?” አልኋቸው።

“ጺመ ጥቁሯ። ፍሬዋን ሳየው የማውቃት፣ ወፍ የማይደፍራት አንዲት ዓይነት በድብልቁ ውስጥ ነበረች። ሦስት አዝመራ ሙሉ ፈለግኋት።”

“ከሌላ አገር አፈላልጋለሁ” አለ ይሄነው።

“ፈልግ። እዚህ ግን አልቃለች” አሉት። በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም። ቀሪውን ስንዴ ከሰፌዱ ወደ ጎተራው ገለበጡና ክዳኑን ገጠሙት።