ሳይሻላቸው የቀሩት

አርባ ዓመት ቁስል ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ የወጡት ድሬሰር ዓይናቸውን ሊታዩ ሆስፒታል ሄደው፣ ተራቸው እስኪደርስ አረፍ የሚሉበት ወንበር ሲፈልጉ የተሳሳተ በር ከፈቱ። ከካርድ ክምርና ከኮምፒውተር ጀርባ ብቅ ያለችው የገዛ እህታቸው ልጅ ነበረች። ተሳስመው ሲያበቁ ክፍሉን ቃኘት አደረጉ፤ አልጋ የለም፣ የልብ ማዳመጫ የለም፣ በሽተኛም የለም። ለሰፈሩ ሁሉ «የእህቴ ልጅ እኮ ትልቅ ሐኪም ናት» ሲሉ ኖረዋልና ቅር አላቸው።

እሷም ሐኪም እንዳልሆነች፣ የሕክምና ስታቲስቲክስ ተመራማሪ እንደሆነች አስረዳቻቸው። ሥራዋ የትኛው ሕክምና በእርግጥ እንደሚያድን ከብዙ ሕሙማን መረጃ አስልቶ ማጣራት ነው። በሳንባ ክፍልና በማዋለጃ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ከሐኪሞች ጋር ስትሠራ ቆይታ አሁን የእግር ቁስል ጥናት ላይ ደርሳለች። ጥናቱ ሁለት አስተጣጠቦችን ያወዳድራል፤ አንዱ በኃይለኛ ፀረ-ጀርም መድኃኒት፣ ሌላው ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ።

ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ። ያ ኃይለኛ መድኃኒት የዕድሜ ልክ መሣሪያቸው ነው፤ ከጡረታም በኋላ ጎረቤቱን በጓሮ ክፍላቸው የሚያጥቡት በሱ ነው።

«ልጄ፣ ቁስል ካላቃጠሉት አይድንም። ያጠብኩት ሰው ሁሉ ዛሬም መንገድ ላይ ቆሞ ይመርቀኛል።»

«የሚመርቅዎትማ የዳነው ነው፣ ጋሼ። ያልዳነውስ?»

«ያልዳነ የለም።»

«ተመልሶ ያልመጣስ የለም?»

«እሱማ ድኖ ነዋ። ጤነኛ ሰው እኔ ዘንድ ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

ልጅቷ አልሳቀችም። ታላቅን ሰው ማረም የሚቻለው መጀመሪያ የራስን ጥፋት በመናገር መሆኑን ታውቃለችና የራሷን አወራችላቸው። ሥራ በጀመረች ዓመት የአንድ የሳንባ መድኃኒት ጥናት ስትሠራ፣ ሕክምናውን ያቋረጡትን ከስሌቱ አውጥታ መድኃኒቱ ግሩም ነው ብላ ጻፈች። አለቃዋ ወረቀቱን መልሰው መጀመሪያ የጠፉትን እንድትፈልግ አዘዟት። ቤት ለቤት ብትዞር ብዙዎቹ ያቋረጡት መድኃኒቱ አልስማማ ብሏቸው፣ ሕመሙም ብሶባቸው ነበር።

«እነሱን ትቼ ብቆጥር ኖሮ መጥፎ መድኃኒት አስመርቄ ነበር» አለቻቸው።

ሽማግሌው ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ አልነበሩም። «ደግሞ ማን በየትኛው እንደሚታጠብ በዕጣ ነው አሉ የምትመድቡት። በሰው እግር ዕጣ ይጣላል?»

«የሚሻለውን ብናውቅ ኖሮ ዕጣ መጣሉ ኃጢአት ነበር። ስላላወቅን ነው። ሕመምተኛውም ተነግሮት፣ ፈቅዶ ይገባል። እኛ እንምረጥ ብንል ቀለል ያለውን ቁስል ለምንወደው መድኃኒት እንሰጠዋለን፤ ሳይታወቀን። ዕጣ አያዳላም፣ ጋሼ።»

«አፍስ አላጣሽም» ብለዋት ወጡ። ነገሩ ግን ከነከናቸው። ቤታቸው ገብተው ሕሙማንን የሚመዘግቡበትን ደብተር ቢያገላብጡ ሠላሳ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥቦ ከዚያ ወሬው ጠፍቷል። ሦስት ሳምንት በእግራቸው ዞረው ሃያ ሁለቱን አገኙ። ስምንቱ ድነዋል። አምስቱ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደዋል። ዘጠኙ ቁስላቸውን ታቅፈው ቤታቸው ተቀምጠዋል።

ከዘጠኙ አንዱ ልብስ ሰፊ ነበር። የታሰረ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ የስፌት መኪናውን ፔዳል በአንድ እግሩ ይገፋል። ሲያያቸው እያነከሰ ተነሥቶ ወንበር ሳበላቸው።

«ለምን ሳትነግረኝ ቀረህ?» አሉት።

ሰውየው አቀረቀረ። «ያን ያህል ደክመውልኝ አልተሻለኝም ማለት ነውር መሰለኝ፣ ጋሼ። እንዳላሳዝንዎት ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ፋሻውን ፈተው ቁስሉን አዩ። ሲያከብራቸው ሁለት ዓመት ታሟል። ይሉኝታ ስንቱን ገመና ይሸፍናል፤ ቁስልን ግን ሸፍኖ አያድንም።

በማግስቱ ልብስ ሰፊውን ይዘው ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሞቹ ሰውየውን ሲረከቧቸው ወደ እህታቸው ልጅ ክፍል ገብተው ደብተሩን ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩ።

«ያልዳነ የለም ያልኩሽ ልክ አልነበረም» አሉ። «አልዋሸሁሽም፤ አልጠየቅኩም እንጂ።»

ልጅቷም ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

ከወራት በኋላ ጥናቱ ሲጠናቀቅ፣ ያቋረጡት ሁሉ ተፈልገው ተቆጥረው፣ በንጹሕ ውሃ የታጠቡት ቀድመው ድነው ተገኙ። ሽማግሌው እንግዲህ ነገሩ አለቀ ወይ ብለው ጠየቋት። ለዚህ ዓይነቱ ቁስል እንደሚበጅ፣ ሌሎችም ሞክረው እስኪያረጋግጡት ግን አለቀ እንደማትል መለሰችላቸው። ይህ መልስ ከውጤቱ ይልቅ አሳመናቸው፤ አላውቅም ማለትን የማያፍር ሰው፣ አውቃለሁ ሲል ይታመናልና።

የለመደ እጅ እንዲህ በአንድ ቀን አይተውም፤ ደጋግሞ ወደ መድኃኒቱ ጠርሙስ ሄዶባቸዋል። ኋላ ግን ጠርሙሶቹን ከክፍሉ አወጡ። ጥርሱን ነክሶ የሚታጠብ ሰው ቀረ፤ ቁስሉም ቶሎ ይጠግግ ጀመር። የከፋበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይላካል። ልብስ ሰፊውም በሁለት እግሩ ይሠራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሽማግሌው ፋሻውን አስረው ሲጨርሱ ለእያንዳንዱ ሰው የሚናገሩት ሆነ፦

«ከተሻለህ ብትቀርም አልቀየምህም። ካልተሻለህ ግን መጥተህ ንገረኝ፤ እኔን የምታስተምረኝ አንተ ነህ።»