እዚህ ለክቶ ከአዲስ አበባ ማዘዝ

ከዋጫ ወደ ቦንጋ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ባለ ጫማ ሱቋ እትዬ ሰዓዳ ነበሩ። ልጄ እሳቸው ጋ ተቀጥራ ትሸጣለች፤ እኔን ግን አያውቁኝም። አጠገባቸው ያለችው ወጣት አስተማሪ ስልኳን እየነካካች ወሬ ጀመረች።

«እትዬ፣ ነገ በአውቶቡስ ዕቃ ይመጣልኛል። ሱቅዎ ለመናኸሪያው ቅርብ ስለሆነ ይቀበሉልኛል?»

«ምን ችግር አለ! ምንድን ነው ዕቃው?»

«ጫማ ነው። ከአዲስ አበባ በኢንተርኔት አዝዤ።»

«ጫማ? እኔ ጋ ጠፍቶ ነው?»

«ኧረ ሞልቷል! ግን አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ስለማዝ ድካም የለውም።»

«መቀበሉስ ለእኔ ድካም አይደለም?»

«እርስዎማ እዚያው ተቀምጠዋል።»

«ቆይ፣ ቁጥርሽን በምን አወቅሽው?»

«እርስዎ ጋ ለክቼ ነዋ!»

«አሃ! መደርደሪያውን ሙሉ አስወርደሽ ‹አስቤበት እመለሳለሁ› ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ! የምትሸጥልዎ ልጅ እንዴት ያለች ትሁት ናት! ተንበርክካ ነው ያሰረችልኝ።»

«ትሁትማ ናት። ግን ሁሉ ለክቶ ከሄደ ደሞዝ ከየት አመጣላታለሁ? በዚህ ወር ላሰናብታት ነው።»

«ውይ፣ እባክዎ አያሰናብቷት!»

«አዘንሽላት?»

«እህቴም ልታዝ ነው፤ ነገ ለመለካት ትመጣለች።»

ሚኒባሱ በሙሉ ሲስቅ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ፣ ‹ፈጣሪዬ ሆይ፣ የጫማዋን ሁለቱንም የግራ እግር አድርገህ ላክላት› ብዬ በልቤ ጸለይኩ።