ወይዘሮ አባይነሽና ገላ ላይ የሚለጠፈው መሣሪያ

ወይዘሮ አባይነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ ካርቶን በብብታቸው ሥር ይዘው፣ በሮቤ መናኸሪያ የአዲስ አበባውን አውቶቡስ ረዳት ይጠብቁ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወንድማቸው ኃይለየሱስ ከዱባይ፣ ስኳር ላለባት ልጃቸው ለጸሎት የላከው፣ ገላ ላይ ተለጥፎ ኢንሱሊን የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ዕቃውን ይዞ የመጣው ሰው አዲስ አበባ ስለሚኖር፣ በእሱ በኩል ወደመጣበት ሊመልሱት ቆርጠዋል። እሳቸው ደግሞ አንዴ ከቆረጡ ምንም ነገር የማይመልሳቸው ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ በገበያ ነጭ ሽንኩርትና ምስር እየነገዱ አንዲት ልጃቸውን ለዩኒቨርሲቲ ያበቁትም በዚሁ ጠባያቸው ነው።

ከጎባ የመጣ ሚኒባስ ቆሞ ሰው ሲያራግፍ፣ አንዲት ሻሽ ያሰረች ወጣት ወርዳ በቀጥታ ወደ እሳቸው መጣች።

«አካም ጅርቱ፣ እትዬ አባይነሽ? መንገድ ነው እንዴ?»

ዙሀይራ ነበረች፤ የቀድሞ ጎረቤታቸው ልጅ። አሁን ጎባ ሆስፒታል ውስጥ የስኳር ሕሙማንን የምትከታተል ነርስ ናት።

«ነጋያ ነው፣ ልጄ። እኔ እንኳ አልሄድም፤ የሚሄደው ይኼ ነው» አሉና ካርቶኑን ከፈት አድርገው አሳዩዋት።

ዙሀይራ ዓይኗ በራ። «ይኼን የት አገኙት? አዲስ አበባ ሥልጠና ላይ ሳለሁ በእጄ ለጥፌው አውቃለሁ። ለምን ይመለሳል?»

«ልጄን ሊገድላት ነበራ! አጎቷ በስልክ የላከላትን ቪዲዮ አይታ ለጠፈችው። በማግሥቱ ውኃ ጠጥታ አልረካ አለች፤ ከዚያ አስመለሳት። የስኳር መለኪያው እንኳ ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ቁጥር መስጠት ተወ። ሆስፒታል ገብታ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ግን ያየሁት ልጡን አይደለም፣ እባቡን ነው!»

ዙሀይራ የእናት ፍርሃት በክርክር ብቻ እንደማይበርድ ታውቃለች። ረጋ ብላ ጠየቀች።

«ስትለጥፈው አጠገቧ ነበሩ?»

«ነበርኩ እንጂ! ታጠበች፤ እንደ ወትሮዋ ቅባቷን ተቀባች። የባሌን ብርድ ታውቂው የለ? ያለ ቫዝሊን ቆዳ ይሰነጠቃል። ከዚያ ሆዷ ላይ፣ መርፌ በለመደው በኩል ለጠፈችው።»

«ሲነቀልስ ምን አዩ?»

ወይዘሮ አባይነሽ አሰብ አደረጉ። «ጠርዙ ተላቆ ነበር። ከሥሩም ረጥቧል። የመድኃኒት ሽታ ሸቶኛል።»

«እንግዲያው ልጅዎ መድኃኒቱን አላገኘችም፤ የጠጣው ልብሷ ነው። ቅባት ላይ ምን ይጣበቃል? እትዬ፣ ምስር የሚዘራ ገበሬ ዘሩን ድንጋይ ላይ በትኖ ባይበቅልለት፣ ጥፋቱ የዘሩ ነው?»

ረዳቱ ከአውቶቡሱ ደጃፍ «እማማ፣ ዕቃውን ያምጡ እንጂ!» ብሎ ተጣራ። ወይዘሮ አባይነሽ አንዴ ረዳቱን፣ አንዴ ዙሀይራን ተመለከቱ።

«እኔ አላስቸኩልዎትም» አለች ዙሀይራ። «ነገ ጸሎትን ይዘው ጎባ ይምጡ። ሐኪሙ መጠኑን ይወስናል፤ እኔ አለጣጠፉን አሳያችኋለሁ። ካላመኑበት፣ አውቶቡስ ነገም አለ፣ ከነገ ወዲያም አለ።»

አውቶቡሱ ያለ ካርቶኑ ሄደ። ይህም የወይዘሮ አባይነሽ ትልቅነት ነው፤ የሚፈሩትን ነገር ከመጣል በፊት መጠየቅ የቻሉ ሰዎች ብዙ አይደሉም።

በማግሥቱ እናትና ልጅ ጎባ ተገኙ። ሐኪሙ ጸሎትን መርምሮ መሣሪያው በየሰዓቱ የሚሰጠውን መጠን ካስተካከለ በኋላ፣ ዙሀይራ ወደ ትንሿ ክፍል ወሰደቻቸውና ጸሎትን ሆዷን ዳሰሰቻት።

«ይኼ የደነደነው ይሰማሻል? ለዓመታት አንድ ቦታ ስትወጊ ያበጠ ነው። እዚህ የገባ መድኃኒት በደንብ አይሰርግም። ዛሬ ክንድሽ ላይ፣ ከኋላ በኩል እንለጥፋለን፤ በየጥቂት ቀኑ ስትቀይሪው ደግሞ ሌላ ቦታ። መቀነት የሚያርፍበት ላይ ግን ፈጽሞ አይለጠፍም።»

ኢንሱሊኑንም ከፍሪጅ እንደወጣ አልቀዳችውም፤ ሲቀዘቅዝ የአየር አረፋ ይይዛልና ብርዱ እስኪለቀው ጠበቀች። ከዚያ ክንዷን በሳሙና አጠበቻት፣ አደረቀቻት፣ በአልኮል በራሰ ጥጥ ጠረገቻትና እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«ምን እንጠብቃለን?» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ።

«አልኮሉ ይድረቅ።»

«እኛ የምናውቀው ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ሲባል ነው!»

ዙሀይራ ከልቧ ሳቀች። «ለጠብ እውነት ነው፣ እትዬ። ለዚህ ግን ሳይደርቅ አይሆንም።»

ሲደርቅ ጸሎት ራሷ በመስታወት እያየች ለጠፈችው፤ ጠርዙን በጣቷ ዙሪያውን ጫን ጫን አደረገች። መሣሪያው ጠቅ ብሎ ቀጭኗን ቱቦ ወደ ቆዳዋ ሥር ሲያስገባ እናት ጥርሳቸውን ነከሱ፤ ልጅ ግን ቅንድቧን እንኳ አላነሳችም።

«አሁን ልጠይቅሽ» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ። «መርፌን እጄ ያውቀዋል። ይኼ ማሽን ልጄ ላይ ተቀምጦ ሲያዝባት እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?»

«አያዝም፤ ታዛዥ ነው። ምን እንደበላች ካልነገረችው አያውቅም። የምታስበው እሷ ናት።»

«እሺ፤ ዳግመኛ ቢፈስስ ማን ይነግረኛል?»

ዙሀይራ በአድናቆት ተመለከተቻቸው። «ዋናውን ጠየቁ። በመርፌ ስትወጋ ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ የሚሠራ መድኃኒት ገላዋ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። በመሣሪያው ግን ፈጣኑ ብቻ ነው፤ ቢቋረጥ ስንቅ የለውም፣ ስኳሯ በጥቂት ሰዓት ይወጣል። ስለዚህ በለጠፈች ቁጥር ቆየት ብላ ትለካለች፤ ከመተኛቷም በፊት እንዲሁ። ወጥቶ አልወርድ ካለ በመርፌ ትወጋለች፣ መሣሪያውን ነቅላ አዲስ ትለጥፋለች። ካስመለሳት ግን ቀጥታ ወደ ሆስፒታል።»

«ታዲያ መርፌው ከቤቴ አይወጣም በይኛ!»

«በጭራሽ አይወጣም። የሚለጠፈውም ሲያልቅ እስኪመጣ በመርፌ ነው የምትቆየው። እርስዎ ያስተማሯት ሁሉ ያስፈልጋታል።»

የወይዘሮ አባይነሽ ፊት የተፈታው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያች ሰዓት የሚሰማቸው፣ ያቺን ትንሽ ልጃቸውን በመርፌ ያሳደጉበት ድካም በአንድ ቁራጭ ፕላስቲክ እንደተናቀ ነበር። አዲስ ነገር ለማስተማር የሚሻ ሰው ይህን ልብ ይበል፤ የአሮጌውን ውለታ የማያከብር አስተማሪ በር አያስከፍትም።

ከመሄዳቸው በፊት ጸሎት ለካች። ቁጥሩ መውረድ ጀምሮ ነበር። እናትየው ልጃቸውን መሣሪያው በሌለበት ክንዷ በኩል አቀፏት።

ወራት አለፉ። የግብርና ተማሪዋ ጸሎት ከጓደኞቿ ጋር ጎሮ ወርዳ፣ ከአንዱ ገበሬ ማሳ ወደ ሌላው ስትል ውላ፣ ምሳዋን ከሰው እኩል በልታ መጣች። ቀድሞ ክፍል ውስጥ ስኳሯ ወርዶ ላብ እያጠመቃት የምትዝለፈለፍባቸው ቀኖች እየሳሱ ሄዱ፤ የሆዷም እብጠት ለሰለሰ። አንድ ጊዜ ማጣበቂያው ሲላላ፣ ስኳሯ ሲወጣ ለካች፣ በመርፌ ተወጋች፣ አዲስ ለጠፈች፣ ወደ ትምህርቷም ሄደች። ለእናቷ የነገረቻቸው ማታ ራት ላይ ነው፤ ወይዘሮ አባይነሽም «ደግ አደረግሽ» ብለው እንጀራ አቀረቡላት።

አንድ ማለዳ ወይዘሮ አባይነሽ ከሪራ የመጣ ማር በጣሳ ይዘው ጎባ ብቅ አሉ። ዙሀይራ ጣሳውን ስታይ፣ «እትዬ፣ በስኳር ሕሙማን ፊት ማር!» ብትላቸው ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ።

«ለአንቺ ነው እንጂ ለእነሱ መች አመጣሁ! ገላቶሚ፣ ልጄ፤ አመሰግንሻለሁ። አላህ ያክብርሽ፣ እመቤቴም ትከተልሽ።»

ወንበሩ ላይ ከገሰራ የመጣች አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ልጇ ስኳር እንዳለባት ገና ሰሞኑን ነው የተነገራት። የኢንሱሊን ብልቃጡን በፎጣ ጠቅልላ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ወይዘሮ አባይነሽ ጠጋ ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሏት። የሚሰጧት መሣሪያ የላቸውም። ግን የልጅቷን ሆድ በጣታቸው እያመለከቱ፣ መርፌው ለምን ቦታ መቀያየር እንዳለበት፣ ቆዳው ለምን ንጹሕና ደረቅ መሆን እንደሚገባው፣ ስኳር መለካት ለምን እንደማይታለፍ አንድ በአንድ አስረዷት።

ሴትየዋ አዳምጣ ስታበቃ፣ «ታድግልኛለች?» ብላ ጠየቀች።

ወይዘሮ አባይነሽ ስልካቸውን አወጡና፣ ጸሎት በጎሮ የስንዴ ማሳ መሀል እጅጌዋን ሰብስባ እየሳቀች የተነሳችውን ፎቶ አሳዩዋት።

«ይቺ የኔዋ ናት» አሏት።